የዓይን ቀለምና የውኃ ጣሳ

ባለፈው ወር በአዳራሻችን ሁለት ፊልሞች መታየታቸው ይታወሳል። አንደኛው ቅዳሜ ማታ፣ ሁለተኛው በማግሥቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። የመጀመሪያው ሲያልቅ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ የኋላውን ወንበር የያዙት ሠልጣኞች ጭራሽ ተነሥተው ነው ያጨበጨቡት። በሁለተኛው ግን አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አጉረመረመ፣ ጥቂቱም «ይሄ ደግሞ ፊልም ነው እንዴ?» እያለ ከመሐል ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በምግብ ቤቱም፣ በመኝታ ክፍሉም፣ በሻይ ቤቱም የሚነሣው ክርክር ይኸው ሆኗል። ክርክር ባለበት ዝም ማለት የዚህ ጋዜጣ ልማድ ስላልሆነ፣ እኛም በበኩላችን የሚሰማንን እንጽፋለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ሁለቱም ፊልሞች ሰውን በመልኩና በትውልዱ ስለ መናቅ የሚናገሩ ናቸው። በሁለቱም ዋናው ሰው መምህር ነው። መመሳሰላቸው ግን እዚህ ላይ ያበቃል፤ የእኛም ነገር የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

የተጨበጨበለት ፊልም «ለመምህራችን በፍቅር» ይባላል። በ1967 የወጣ ሲሆን፣ ታሪኩ የተወሰደው ኢ. አር. ብሬይዝዌይት በ1959 ካሳተመው መጽሐፍ ነው። ጸሐፊው ራሱ በብሪቲሽ ጊያና ተወልዶ በምሥራቅ ለንደን ያስተማረ ጥቁር ሰው ነበር። በፊልሙ ላይ መምህር ታከሪ የተባለውን ሰው ሆኖ የሚሠራው ሲድኒ ፖይቲየ ነው። ታከሪ መሐንዲስ ነው፤ በሙያው ሥራ ቢያጣ ጊዜ በድሆች ሰፈር ያለ ትምህርት ቤት ይቀጠራል። ተማሪዎቹ ባለጌዎች ናቸው። ይረብሹታል፣ ያሾፉበታል፤ እሱ ግን ከረባቱን ሳያላላ ቀስ በቀስ ይገራቸዋል። በመጨረሻም የምሕንድስና ሥራ ሲያገኝ የቅጥሩን ደብዳቤ ቀዶ ማስተማሩን ይቀጥላል። መምህር ለመሆን ለሚሰናዳ ሰው ይህን አይቶ አለማጨብጨብ ይከብዳል። እውነቱን ለመናገር እኛም አጨብጭበናል።

በዚህ ፊልም ውስጥ ከደብዳቤው መቀደድ ይልቅ ከአእምሯችን ያልጠፋው ሌላ ቦታ ነው። ከተማሪዎቹ አንዱ ሲልስ የሚባል፣ ከጥቁርና ከነጭ የተወለደ ልጅ ነው። እናቱ ትሞታለች። ልጆቹ ገንዘብ አዋጥተው ለቀብሩ የአበባ ጉንጉን ይገዛሉ። ይህን ሲያደርጉ ያልተጨቃጨቁ ልጆች፣ «ማን ቤቱ ድረስ ይውሰደው?» ሲባል ግን ዝም ይላሉ። ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ ወደ ጥቁር ሰው ቤት ስንገባ ብንታይ ሰው ምን ይለናል ነው ነገሩ። ልብ በሉ! እነዚህ ልጆች ሲልስን አይጠሉትም። አብረውት ይማራሉ፣ አብረውት ይጫወታሉ፣ ለእናቱም ከኪሳቸው አውጥተዋል። የያዛቸው ጥላቻ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ይሉኝታን ደግሞ እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በአገራችን ይሉኝታ ያለው ሰው የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን ስንቱ ሰው ነው ጎረቤቱን ሳይጠላ፣ ስለ ይሉኝታ ብቻ ደጃፉን ሳይረግጥ የኖረው? በፊልሙ ላይ ታከሪ ከቀብሩ ቦታ ሲደርስ ተማሪዎቹ ቀድመውት ቆመው ያገኛቸዋል። በአዳራሻችን እዚያ ላይ ያለቀሰ ሰው አይተናል፤ ስሙን አንጠራም።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ምስጋና ነው። ቅሬታችን የሚነሣው ከታከሪ ማንነት ነው። ይህ ሰው ምን ጉድለት አለው? ምንም። ንጹሕ ነው፣ የተማረ ነው፣ ታጋሽ ነው፣ እንግሊዝኛው ከእንግሊዞቹ ይበልጣል። ፖይቲየ በዚያው በ1967 ሌሎች ሁለት ስመ ጥር ፊልሞችንም ሠርቷል። «በሌሊቱ ሙቀት» በሚባለው ላይ ከነጮቹ ፖሊሶች ሁሉ የላቀ መርማሪ ነው። «ራት የሚመጣው ማን እንደ ሆነ ገምቱ» በሚባለው ላይ ደግሞ የነጭ ልጅ ለማግባት የሚጠይቅ፣ በዓለም የታወቀ ሐኪም ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ እንዳይጋቡ የሚከለክሉትን ሕጎች የሻረው በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ውስጥ ነው፤ እስከዚያች ቀን ድረስ በ16 ክፍለ ሀገሮች ጋብቻው ወንጀል ነበር። ስለዚህ ፊልሙ በጊዜው ድፍረት እንደ ነበር አንክድም። ፖይቲየም ቢሆን በ1964 በዋና ተዋናይነት የኦስካርን ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ የሆነ፣ በ2022 እስኪያርፍ ድረስ የተከበረ ሰው ነው። ግን ሙሽራው ሐኪም ባይሆንስ? የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ ትንሽም ቁጡ፣ ትንሽም መጠጥ የሚወድ ቢሆንስ ኖሮ? አባትየው ምን ይል ነበር? ይህን ጥያቄ ያኔውኑ ያነሡ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። በፊልም ላይ ጥቁር ሰው ለመከበር መልአክ መሆን አለበት ወይ ብለው ጠይቀዋል።

ለመምህር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንደዚህ ያለውን ፊልም አይተን ስንወጣ ይዘን የምንወጣው ሐሳብ «የተናቀው ሰው እኮ ጎበዝ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ስለዚህ መናቅ የለበትም» የሚል ነው። ታዲያ ያልጎበዘው፣ ንፍጡ የሚወርደው፣ የቤት ሥራውን የማይሠራው ልጅ ይናቅ ማለት ነው? እኛ ራሳችን በማስተማር ልምምድ ላይ የድሃውን ልጅ የምናቅፈው አንደኛ ሲወጣ አይደለም ወይ? ፈተናውን ሲወድቅ ግን «ድሮስ ከማን ተወልዶ!» ይባላል። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ይህን በጆሯችን ሰምተናል።

ወደ ሁለተኛው ፊልም እንምጣ። «የማዕበሉ ዓይን» ይባላል። ዊልያም ፒተርስ የሚባል ሰው አዘጋጅቶት በ1970 በኤቢሲ ቴሌቪዥን የታየ ነው። ተዋናይ የለበትም፣ የፍቅር ታሪክ የለበትም፤ ሙሉውን አንድ የሦስተኛ ክፍል መማሪያ ክፍል ነው። ሰው መሐል ላይ ጥሎ የወጣውም ለዚህ ይመስለናል። የእንግሊዝኛ መምህራችን ከመድረኩ ጥግ ቆመው በድምፅ ማጉያ እየተረጎሙልን፣ መብራቱም ሁለት ጊዜ እየጠፋ መታየቱ ደግሞ ነገሩን አላገዘውም።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ ሚያዝያ 4 ቀን 1968 በሜምፊስ ከተማ ተገደለ። በማግሥቱ በአዮዋ ክፍለ ሀገር፣ ራይስቪል በምትባል ነጮች ብቻ በሚኖሩባት ትንሽ ከተማ፣ ጄን ኤሊየት የተባሉ መምህርት ይህን ነገር ለልጆች እንዴት እንደሚያስረዱ ቸገራቸው። ልጆቹ ጥቁር ሰው በአካባቢያቸው አያውቁም። መምህርቷም ክፍሉን በዓይን ቀለም ለሁለት ከፈሉት። ከሁለት ዓመት በኋላ ይህንኑ ከሌሎች ልጆች ጋር ሲደግሙት ነው ካሜራው የገባው።

በፊልሙ ላይ መምህርቷ በመጀመሪያው ቀን ሰማያዊ ዓይን ያላቸው ልጆች የበላይ ናቸው ይላሉ። እነሱ ብልሆች ናቸው፣ እነሱ አምስት ደቂቃ ተጨማሪ እረፍት አላቸው። ቡናማ ዓይን ያላቸው ከሩቅ እንዲለዩ አንገታቸው ላይ ጨርቅ ይታሰርላቸዋል። ከሌሎቹ ጋር ውኃ መጠጫውን አይነኩም፤ በወረቀት ኩባያ ይጠጡ ተባለ። በእረፍት ሰዓት ሁለት ልጆች ተደባደቡ። ምን ሆናችሁ ሲባሉ፣ አንዱ ሌላውን «ቡናማ ዓይን» ብሎ ስለ ሰደበው ነው! ትናንት ስድብ ያልነበረ ቃል ባንድ ጧት ስድብ ሆነ። በማግሥቱ መምህርቷ «ተሳስቼ ነበር፣ የበላዮቹስ ቡናማዎቹ ናቸው» ብለው ጨርቁን ወደ ሌሎቹ አንገት አዛወሩት።

አዳራሹ የሳቀው አንገቱ ላይ ጨርቅ የታሰረለት ልጅ አንገቱን ሲደፋ ነው። እኛ ግን ሳቃችን የቆመው የካርዱ ንባብ ላይ ነው። ልጆቹ የፊደል ድምፅ የተጻፈባቸው ካርዶች እያዩ ቶሎ ቶሎ ያነባሉ፤ መምህርቷ ሰዓት ይይዛሉ። ቡናማ ዓይን ያላቸው ልጆች ጨርቁ አንገታቸው ላይ ሳለ ካርዶቹን ለመጨረስ አምስት ደቂቃ ተኩል ፈጀባቸው። ጨርቁ በወለቀላቸው ማግሥት እነዚያው ልጆች፣ እነዚያኑ ካርዶች በሁለት ደቂቃ ተኩል ጨረሱ። በትምህርተ ልቡና ክፍለ ጊዜ ስለ ልጅ ችሎታ ስንት ገጽ ጽፈናል! ይህን ካየን በኋላ «ሰነፍ ተማሪ» ብለን በመዝገብ ላይ የምንጽፈውን ቃል ሁለት ጊዜ ማሰብ ያለብን ይመስለናል። ልጁ ሰነፍ ነው ወይስ አንገቱ ላይ ያሰርንበት ነገር አለ?

በዚህኛው ፊልም መልአክ የለም። የሚደነቅ ጥቁር ሰውም የለም። ያሉት ሕፃናትና አንድ መምህርት ናቸው፤ መናቅን ሲሠራ የምናየውም የመምህሩ እጅ ነው። ውኃ ማን ቀድሞ ይጠጣ፣ ማን የት ይቀመጥ፣ ማን ይመስገን፣ ማን ቶሎ ወደ እረፍት ይውጣ፦ እነዚህ ሁሉ እኛ በየቀኑ የምናዛቸው ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ፊልም «እንደ ታከሪ ሁኑ» ይለናል፤ ይህንን ሰምቶ ደስ የማይለው የለም። ሁለተኛው ግን «እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቀናል። ለማሠልጠኛ የሚበጀው የቱ ነው ቢባል እኛ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እንላለን።

«የአሜሪካ ጣጣ ነው፤ እኛ አገር ጥቁርና ነጭ የለም» የሚሉ ጓደኞቻችን አሉ። ለነሱ ክርክር ከማብዛት አንድ የሆነ ነገር ብንነግራቸው ይሻላል።

ከመካከላችን አንዱ ባለፈው የማስተማር ልምምድ የተመደበው ከከተማ ወጣ ባለ ትምህርት ቤት፣ ያውም ሦስተኛ ክፍል ነበር። ግቢው ውስጥ ቧንቧ ስለሌለ በክፍሉ ጥግ ጀሪካንና አንድ የቆርቆሮ ጣሳ ይቀመጣል። ከተማሪዎቹ አንዷ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነች። የባለ እጅ ቤተሰብ በአካባቢው እንዴት እንደሚታይ አንባቢ ያውቀዋል፤ «ቡዳ» የሚለውም ቃል በሹክሹክታ ይባላል። ልጅቷ በጣሳው ከጠጣች በኋላ ሌሎቹ አይጠጡበትም። በአፈር እያሹ ያጥቡታል፣ ወይም እየተጠማቸው እስከ ቤታቸው ይታገሣሉ። የክፍል አለቃው ቆይቶ አንድ ዘዴ አመጣ፦ እሷ ሁልጊዜ መጨረሻ ትጠጣ። በዚህም ሁለት ቀን ጭቅጭቅ ሆነ። ልብ ብሎ ላሰበው ደግሞ፣ የዚያ ሁሉ ልጅ እናት የምትጋግርበት ምጣድ፣ ቡና የምታፈላበት ጀበና የተገዛው ከልጅቷ እናት ነው። በገበያ ቀን ለአንድ ጀበና እንደ ጉድ ይከራከሯታል፣ ጀበናውን አቅፈው ይሄዳሉ። እንጀራው ከምጣዱ ይበላል፤ ውኃው ከጣሳው አይጠጣም!

ታዲያ የእኛ ጓደኛ ምን አደረገ መሰላችሁ? አልተቆጣም፣ አልሰደበም፣ ማንንም አልመታም። ልጅቷን ለብቻዋ ጠርቶ በለሆሳስ «ነገ ከቤት የራስሽን መጠጫ ይዘሽ ነይ» አላት። እንዲሁም ጠብ እንዳይነሣ ብሎ ከፊት ለፊት ለብቻዋ አስቀመጣት። «ለትምህርቷም ይበጃታል» ብሎ ነበር ያሰበው። ጭቅጭቁ ቆመ፣ ክፍሉ ጸጥ አለ። በዚያው ሳምንት ሊያዩት የመጡት ተቆጣጣሪ በክፍል አያያዝ ከፍተኛ ነጥብ ሰጡት። ነጥቡንም ለሁላችን በኩራት አሳይቶናል፤ እኛም እንኳን ደስ ያለህ ብለነዋል።

ይኸው ጓደኛችን እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ የወረቀት ኩባያው ሲመጣ አየ። መሐል ላይ ተነሥተው ከወጡት አንዱ እሱ ነው። ፊልሙ ስላልጣመው እንደ ወጣ መስሎን ነበር፤ ነገሩን የነገረን ከሦስት ቀን በኋላ ነው። በስሙ ይጻፍ አላለም፣ አይጻፍም ግን አላለም።

ከሁሉ ይልቅ ለመጻፍ ያስቸኮለን ደግሞ ሦስተኛው ወገን ነው። አንዳንድ ሠልጣኞች በፊልሙ እጅግ ተነክተው በሚቀጥለው ልምምድ ይህንኑ በተማሪዎቻችን ላይ እንሞክረው እያሉ ነው። ዓይናችን ሁሉ አንድ ስለ ሆነ በቁመት ወይም በተቀመጡበት ረድፍ እንከፍላቸዋለን ይላሉ። ቅን ሐሳብ መሆኑን አንጠራጠርም። ቢሆንም አጥብቀን እንቃወመዋለን።

አንደኛ ነገር፣ መምህርት ኤሊየት እነዚያን ልጆች ዓመቱን ሙሉ ያስተምሯቸው ነበር። ሲያለቅሱ የሚያባብሉ፣ ሲጣሉ የሚያስታርቁ፣ በማግሥቱ ነገሩን ገልብጠው በመጨረሻም ጨርቁን አስወልቀው የሚያወያዩ እሳቸው ነበሩ። እኛ ግን የጥቂት ሳምንት እንግዶች ነን። ሰኞ ያቆሰልነውን ልጅ ዓርብ ጥለነው እንሄዳለን። እሳቸውም ቢሆኑ ወላጆችን አስቀድመው አላስፈቀዱም ተብለው እስከ ዛሬ ይነቀፋሉ፤ በገዛ ከተማቸው ብዙ ሰው ፊቱን አዙሮባቸዋል።

ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። መምህርቷ መከፋፈልን ፈጥረው ማሳየት ያስፈለጋቸው ክፍላቸው ውስጥ በግልጽ የሚታይ ስላልነበረ ነው። እኛ ምን አስፈጠረን? ጣሳው እዚያው ጥግ ላይ ተቀምጧል! ያቺ ልጅ በረድፍ ተከፍላ፣ ለጨዋታ ተብሎ አንድ ቀን «የበታች ነሽ» ብትባል ምን አዲስ ነገር ትማራለች? ሌሎቹ ሁለት ቀን ተጫውተው ጨርቃቸውን ያወልቃሉ፤ የሷን ማን ያወልቀዋል?

ተቃዋሚዎቻችን አንድ ጠንካራ መልስ እንዳላቸው አልሸሸግንም። በፊልሙ ላይ ከነበሩት 16 ልጆች 11ዱ አድገው፣ አግብተው በ1984 ወደ ከተማዋ ተመልሰው ከመምህርታቸው ጋር ተገናኝተዋል። በ1985 በታየው «ለሁለት የተከፈለ ክፍል» በሚባለው ፊልም ላይ ያንን ትምህርት በምስጋና ሲያነሡት ይታያል። ይህ ቀላል ምስክርነት አይደለም። ሆኖም ምስክርነቱ ለእኝያ መምህርት ነው እንጂ ፊልም አይቶ ለተነሣ ሠልጣኝ ሁሉ አይደለም። ያልመጡት አምስቱስ ምን ይሉ ነበር? እኛ ስላልሰማናቸው በነሱ ስም አንናገርም።

ታዲያ ምን ይደረግ ለሚለን፣ የምንለው ጥቂት ነው። «የማዕበሉ ዓይን» ለሁለተኛ ጊዜ ይታይልን፤ በዚህ ጊዜ ግን ውኃው ላይ ሲደርስ ይቁምና እንወያይበት፤ መምህሮቻችንም ከእኛ ጋር ይቀመጡ። የልምምድ መከታተያው ቅጽም ይታይ። ቅጹ የሰሌዳ ጽሑፍ፣ የጊዜ አጠቃቀም፣ የድምፅ ጥራት፣ የክፍል ጸጥታ እያለ ነጥብ ይሰጣል። ማን ከማን ጋር እንደ ተቀመጠ፣ ለብቻው የተቀመጠ ልጅ ካለም ለምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ አንድ መስመር እንኳ የለበትም። መስመሩ ቢኖር ኖሮ ጓደኛችን ያንን ነጥብ አያገኝም ነበር። ለተቆጣጣሪዎቻችን ያለን አክብሮት እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም ለማለት ነው።

በዚሁ አጋጣሚ፣ የፊልም ክበቡ ሁልጊዜ በትርጉም ከሚያስጨንቀን የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ፈልጎ ቢያሳየን ደስ ይለናል። በ1974 እዚሁ አገራችን ተቀርጾ በ1976 የወጣ፣ በአማርኛ የሚነገር ፊልም ነው። ባላባቱ ከፍ ብሎ ተቀምጦ ጭሰኛውን እንዴት እንደሚጠራው፣ ሰው ሁሉ እብድ የሚለው ከበበ ምን እንደሚናገር መስማት ነው። ቀስ ያለ ፊልም ስለ ሆነ የኋላ ወንበር ሰዎች ግን ትዕግሥት ይኑራችሁ።

የጓደኛችንን ነገር ሳንጨርስ አንለፍ። ልጅቷ እንደ ታዘዘችው በማግሥቱ የራሷን መጠጫ ይዛ መጥታ ነበር። እናቷ ለሷ ብላ የሠራቻት፣ ጠርዟ ላይ ጌጥ ያለባት ትንሽ የሸክላ ዋንጫ ናት። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ዙሪያዋን ከበው አዩላት፤ አንዱም እጁን ዘርግቶ ነካ አደረጋት። ልጅቷ ውኃ ሞልታ መጀመሪያ ለመምህሯ አቀረበች። እሱም አመስግኖ፣ አሁን አልጠማኝም ብሎ መለሰላት። በሚቀጥለው ዙር እዚያው ትምህርት ቤት እንዲመደብ ማመልከቻ አስገብቷል።